ሥራችንን በየትኛው የቪዲዮ ድረ ገጽ እናኑር?

  

በዛሬው ዝግጅታችን ከወትሮው ለየት ያለ፣ ነገር ግን በብዙ ቤቶች እየተነሳ ያለ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። በዱርቤቴ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ያሉ ወንድሞችና እህቶች ደጋግመው ይጠይቁናል። አንዱ በመድረሳ የሚሰጠውን ትምህርት በስልኩ ቀርጾ ይዟል። አንዷ እህት ልብስ ስፌት ታስተምራለች። ሌላው ስለ ንብ እርባታ የሚያውቀውን ማሳየት ይፈልጋል። የአያቱን መንዙማ ድምፃቸው ሳይደክም የቀረጸም አለ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ይህን ሥራ ሰው እንዲያየው በኢንተርኔት ላይ የት እናስቀምጠው?» የሚል ነው።

መልሳችንን ከመነሻው እንናገር። የቪዲዮ ድረ ገጽ ገበያ ነው እንጂ ጎተራ አይደለም። ገበያውን የምንመርጠው ገዢው በሚገኝበት ቦታ ነው፤ ጎተራው ግን ሁልጊዜ በእጃችን መሆን አለበት። ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው የመረጠው ገጽ ባይመቸው እንኳ ብዙ አይጎዳም። ሳይለይ የገባ ሰው ግን ከሁሉ የተሻለውን ገጽ ቢመርጥም አንድ ቀን ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ገበያና ጎተራ

የአቸፈር ገበሬ ወደ ዱርቤቴ ገበያ እህል ሲያወጣ ለዘር ያስቀመጠውን አብሮ አይጭንም። የሚሸጠውን ይዞ ይወጣል፤ ዘሩ በቤቱ ይቀራል። የቪዲዮ ገጾችም ነገር እንዲሁ ነው። ቤቱ የሌላ ሰው ነው። ደንቡን የሚያወጣው፣ የሚከፍተውና የሚዘጋው ባለቤቱ ነው። እኛ እንግዶች ነን።

ይህን የምንለው በሥጋት ብቻ አይደለም፤ የደረሰ ነገር ስለሆነ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2005 «ጉግል ቪዲዮ» የሚባል ገጽ ከፍቶ ነበር። በ2009 አዲስ ቪዲዮ መቀበል አቆመ፤ በ2012 ፈጽሞ ተዘጋ። «ያሁ ቪዲዮ»ም ሰዎች የጫኑበትን ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2011 አንስቷል። የስድስት ሴኮንድ ቪዲዮዎች የሚወጡበት «ቫይን» እ.ኤ.አ. በ2013 ተጀምሮ በ2017 ተቋረጠ። እነዚህ የመንደር ሱቆች አልነበሩም፤ ባለቤቶቻቸው በዓለም የታወቁ ኩባንያዎች ነበሩ።

የፌስቡክ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይቀርበናል። ብዙ ጀማዓዎች ኹጥባና ትምህርት በፌስቡክ በቀጥታ ያስተላልፋሉ፤ ከዚያም «እዚያው ተቀምጧል» ብለው ይተዉታል። ፌስቡክ ግን በየካቲት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2025) ባወጣው አዲስ ደንብ መሠረት ከዚያ ወዲህ በቀጥታ የተላለፈ ቪዲዮ በገጹ ላይ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ይነሳል። የቆዩትም ለባለቤቶቻቸው ማሳሰቢያ እየተሰጠ እንዲነሱ ተወስኗል። እንግዲህ አስቡት፤ በረመዷን የመጀመሪያ ሌሊት የተላለፈ ትምህርት ዒድ ሲደርስ ሊጠፋ ነው። አስቀድሞ ያወረደ ሰው ትምህርቱን ይዟል፤ ያላወረደ ግን አጥቶታል።

በአገራችን ደግሞ ገበያው ብቻ ሳይሆን መንገዱም የሚዘጋበት ጊዜ አይተናል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆይቷል። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ወቅት ሥራውን በኢንተርኔት ላይ ብቻ ያኖረ ሰው ሥራው ሳይጠፋ ራቀበት። በሚሞሪ ካርድ ገልብጦ የያዘ ግን ለጎረቤቱም ሲያካፍል ከረመ።

አንድን ነገር በብዙ ቅጂ መጠበቅ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። በየማማ ዘመቻ ቁርኣንን በልባቸው የያዙ ብዙ ሰሓቦች በተሠዉ ጊዜ በአቡ በክር (ረ.ዐ) ዘመን ዘይድ ኢብኑ ሳቢት (ረ.ዐ) ቁርኣንን በአንድነት ሰበሰቡ። በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን ደግሞ ቅጂዎች ተጽፈው ወደ ኩፋ፣ ወደ በስራ፣ ወደ ሻም ተላኩ፤ በመዲናም ቀረ። የእኛን ትንሽ ሥራ ከዚያ ታላቅ ሥራ ጋር ማወዳደራችን አይደለም። ሆኖም ከእነርሱ የምንማረው አለ፤ ዋጋ ያለው ነገር በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም። የወሎ መንዙማም ቢሆን ለእኛ የደረሰው በአንድ መንገድ አይደለም። በዐጀም ፊደል ተጽፏል፣ በቃል ተይዟል፣ በኋላም በካሴት ተቀድቷል።

ስለዚህ ገጽ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ዋናውን ቅጂ ሳታሳንሱ በሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ላይ ገልብጡ። አንዱ በእናንተ ቤት፣ ሌላው በምታምኑት ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ፍላሽም ሃርድ ዲስክም ይበላሻልና በየዓመቱ ከፍታችሁ እዩት። በላዩ ላይ ቀኑን፣ የመምህሩን ስምና ርዕሱን ጻፉ። ከዚህ በኋላ ወደ ገበያው እንሂድ።

ከመምረጥ በፊት ሦስት ጥያቄዎች

አንደኛው ጥያቄ፣ ተመልካቹ ማን ነው፣ በእጁስ ምን አለ? የሚለው ነው። አዲስ አበባ ወይም ጂዳ ያለ ሰው ያለ ሐሳብ ረጅም ቪዲዮ ይከፍታል። በገጠር ያለች እናት ግን የምትገዛው ጥቅል ጥቂት ነው። ሒሳቡን እንሥራው። በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚፈጅ ጥራት ያለው ቪዲዮ አንድ ሰዓት ቢታይ 900 ሜጋባይት ይበላል። ጥራቱ ዝቅ ብሎ በሴኮንድ 500 ኪሎቢት ሲሆን ያው አንድ ሰዓት 225 ሜጋባይት ነው። ድምፁ ብቻ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት ቢቀረጽ ግን 14 ሜጋባይት ተኩል እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መምህሩ ተቀምጦ የሚናገርበት ብቻ ከሆነ ከቪዲዮው ጎን ድምፁን ለብቻው ማውጣት ለዚያች እናት ትልቅ ውለታ ነው። ስፌት ግን ያለ ምስል አይገባም፤ እርሱን አሳጥሮና ከፋፍሎ ማውጣት ይሻላል።

ሁለተኛው፣ ከሥራችን ጎን ምን ይቀመጣል? የሚለው ነው። ነጻ የተባለ ገጽ ሁሉ ወጪውን ከአንድ ቦታ ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከማስታወቂያ ነው። የቁርኣን ትምህርት ሊጀመር ሲል የማይገባ ማስታወቂያ ብቅ ቢል ተመልካቹ የሚያዝነው በእኛ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ መኖሩን፣ ከኖረም መምረጥ መቻላችንን አስቀድመን እንጠይቅ።

ሦስተኛው፣ የማን ፊት ይታያል? የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ለሕዝብ የወጣ ምስል ተመልሶ አይሰበሰብም። እኛ ብናነሳውም ያወረደው ሰው በእጁ ይዞታል። የመድረሳ ልጆች ከታዩ የወላጆቻቸው ፈቃድ ይጠየቅ። ስፌት የምታስተምረው እህታችን እጇንና መኪናውን ብቻ አሳይታ ማስተማር ትችላለች፤ ትምህርቱ አይጎድልም። የሰው ገመና አማና ነውና ጎረቤት ከኋላ ሲያልፍ፣ የቤት ውስጥ ነገር ሲታይ ቆርጣችሁ አውጡት።

ገጾቹ በየተራቸው

ዩቲዩብ፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተ፣ በ2006 ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ገጽ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ፍለጋ ነው። እኛን የማያውቅ ሰው ርዕሱን ጽፎ ያገኘናል። ሁለተኛው ጥቅሙ ቪዲዮውን በብዙ ዓይነት ጥራት አዘጋጅቶ ለደካማ ኔትወርክ ዝቅ አድርጎ ማቅረቡ ነው። በስልክ ቁጥር ማንነቱን ያላረጋገጠ ሰው ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ መጫን አይችልም፤ ያረጋገጠ ግን እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም ይጭናል።

ቪዲዮውን ለሁሉም መክፈት፣ ሊንኩ ላለው ሰው ብቻ መተው ወይም ለተጋበዙ ሰዎች ብቻ መዝጋት ይቻላል። ሆኖም «ሊንኩ ላለው ብቻ» ማለት ምስጢር ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ፤ ሊንኩ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ ደግሞ ቪዲዮው ለሕፃናት የተሠራ መሆን አለመሆኑን ማሳወቅ ግዴታ ነው። ለሕፃናት ነው ከተባለ የአስተያየት መስጫው ይዘጋል። ለልጆች ፊደል ወይም ዱዓእ ለምታስተምሩ ሰዎች ይህ ጥበቃ ነው።

ጉድለቱስ? እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዩቲዩብ ምንም በማያካፍላቸው ሰዎች ቪዲዮ ላይም ማስታወቂያ የማውጣት መብት አለኝ ብሎ በደንቡ አስፍሯል። የገቢ ተካፋይ የሆነ ሰው አንዳንድ ዓይነት ማስታወቂያዎችን መከልከል ይችላል፤ ያልሆነ ግን አይችልም። ከማስታወቂያው ገቢ ተካፋይ ለመሆን ከሚጠየቁት አንዱ መንገድ 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት ነው። ይህ ማለት የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ከዳር እስከ ዳር 24,000 ጊዜ መታየት ማለት ነው። ክፍያውም በዝርዝሩ ውስጥ ባሉ አገሮች ለሚኖሩ ስለሆነ በገቢው ተስፋ ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ። ሥራችሁን በገቢው ተስፋ ላይ አትመሥርቱ እንላለን።

ቴሌግራም፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ ሲሆን በአገራችን በሰፊው ይሠራበታል። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት በነጻ ይቀበላል። ለገጠር ተመልካች ያለው ጥቅም ትልቅ ነው። ከተማ በወጣ ጊዜ ያወርደዋል፣ ቤቱ ገብቶ ያለ ኢንተርኔት ያየዋል፣ ለሌላውም ያስተላልፈዋል። ድምፁን ለብቻው፣ ጽሑፉን ለብቻው ማስቀመጥም ይቻላል። ጉድለቱ እንደ ዩቲዩብ ባለመሆኑ እንግዳ ሰው በፍለጋ በቀላሉ አያገኘንም፤ በአብዛኛው የሚመጣው የተነገረው ሰው ነው። ከ1,000 በላይ ተከታይ ባላቸው የሕዝብ ቻናሎች ላይም ማስታወቂያ ሊወጣ ይችላል።

ቲክቶክና ፌስቡክ፦ እነዚህን እንደ እፍኝ ናሙና ቁጠሯቸው። ነጋዴ እህሉን በእፍኝ ያሳያል እንጂ ጆንያውን በገዢው መዳፍ ላይ አይዘረግፍም። የአንድ ደቂቃ ቁንጽል አውጥቶ «ሙሉው እዚህ ቦታ አለ» ማለት ጥሩ ዘዴ ነው። ሙሉ ትምህርት ግን በዚያ ጎርፍ ውስጥ ይወሰዳል፤ ከወር በኋላ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ቁንጽሉ ሲቆረጥም ትርጉሙ እንዳይዛባ ተጠንቀቁ። ከፊቱና ከኋላው የተለየ ንግግር ሌላ ነገር ሊመስል ይችላል።

ቪሜዮ፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተ ነው። በሰው ቪዲዮ ላይ ማስታወቂያ አይለጥፍም፤ ቪዲዮን በይለፍ ቃል መዝጋትም ይቻላል። ትምህርት በክፍያ ለሚሰጥ ወይም ሥራውን ለደንበኛ ብቻ ለሚያሳይ ሰው ይመቻል። ነገር ግን ነጻው ቦታ ጠባብ ነው። ሰፊው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ስለሆነ ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው። በባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ይክፈልልን ብትሉ እንኳ እርሱ ክፍያውን ባቋረጠ ጊዜ ሥራው ምን እንደሚሆን ደንቡን አስነብቡ።

ኢንተርኔት አርካይቭ፦ እ.ኤ.አ. በ1996 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተ፣ ለትርፍ የማይሠራ ቤተ መዛግብት ነው። ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ያስቀምጣል። የአባቶችን መንዙማ፣ የቆየ ትምህርትና ንግግር ለትውልድ ለማኖር ከሌሎቹ ይበልጥ ይስማማል። ማንም ሊያወርደው እንደሚችል ግን እወቁ። ደግሞም በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በሳይበር ጥቃት ተመትቶ ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ እርሱም ቢሆን ተጨማሪ ጎተራ ይሁን እንጂ ብቸኛ ጎተራ አይሁን።

እንግዲህ ለአብዛኞቹ ጠያቂዎቻችን ምክራችን ይህ ነው። ሙሉው ሥራ በዩቲዩብ ይውጣ፤ ያው ሥራ ከድምፁ ጋር በቴሌግራም ይቀመጥ፤ ቁንጽሉ በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ ይታይ፤ ዋናው ቅጂ በቤት ይቅር። ነሲሓና ሚንበርን የመሳሰሉ የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም በሳተላይት የሚያስተላልፉትን በዩቲዩብና በቴሌግራም ጭምር ያቀርባሉ። አቅም ያላቸው ድርጅቶች በአንድ በር ብቻ ካልተማመኑ እኛማ የበለጠ ልንጠነቀቅ ይገባናል። ቤተሰብ ብቻ የሚያየው ነገር ከሆነ ግን ከእነዚህ በአንዱም አታውጡት፤ ከስልክ ወደ ስልክ ይበቃል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ብዙ ሥራ የሚጠፋው ገጹ ስለተዘጋ ሳይሆን ቁልፉ ስለጠፋ ነው። የጀማዓው ቻናል በአንድ ወጣት የግል ስልክ ይከፈታል። ወጣቱ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዐረብ አገር ይሄዳል፤ ስልክ ቁጥሩ ይቀየራል፤ የይለፍ ቃሉም ይረሳል። ማንም ክፉ ነገር አላሰበም፤ የዓመታት ሥራ ግን ተቆልፎ ቀረ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ኢሜይሉ በግለሰብ ሳይሆን በጀማዓው ወይም በመድረሳው ስም ይከፈት። በዩቲዩብም በቴሌግራምም ከአንድ ሰው በላይ ኃላፊ ማድረግ ስለሚቻል ሁለት ታማኞች ይሾሙ። ሁለተኛ የማረጋገጫ ቁልፍ ይደረግበት። የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ፣ ታሽጎ በአንድ ሽማግሌ ዘንድ በአማና ይቀመጥ። ኃላፊ ሲለወጥም በምስክር ፊት ርክክብ ይደረግ። አማናን ለባለቤቱ መመለስ የታዘዝነው በብርና በወርቅ ብቻ አይደለም።

የራስን ብቻ ማውጣትም ከአማና ይቆጠራል። የሌላውን ነሺዳ ከኋላ አስገብቶ፣ የሌላውን ቲላዋ ቆርጦ በራስ ስም ማውጣት አይገባም። በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ ባለቤትን መብት ይጠብቃል። ዩቲዩብም በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ የባለመብት ክስ የቀረበበትን ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የተወሰደው ብቻ አይደለም፤ የራሳችሁ ንጹሕ ሥራም አብሮ ይሄዳል።

በመጨረሻ ስለ ርዕስ አንድ ነገር እንጨምር። ፈላጊ የሚያገኘን በጻፍነው ቃል ነው። የእኛ ቃላት ደግሞ አጻጻፋቸው ብዙ ነው። አንዱ «ሶላት» ይላል፣ ሌላው «ሰላት»፤ አንዱ «ቁርኣን» ይላል፣ ሌላው «ቁርአን»። በርዕሱ አንዱን፣ በማብራሪያው ሌሎቹን ጻፉ። የመምህሩን ስም፣ የትምህርቱን ክፍል ቁጥርና ቦታውንም አክሉ። «ድንቅ ትምህርት» ብቻ ብሎ መተው ጆንያን ሳያመለክቱ በመጋዘን መጣል ነው።

ውድ ተከታታዮቻችን፣ በየቤታችሁ ብዙ ዕውቀት አለ። አረጋውያን ሸኾቻችን ዛሬ አሉ፤ ነገን አላህ ያውቃል። ስለ ገጽ ምርጫ ስንከራከር ድምፃቸው ሳይቀረጽ እንዳያመልጠን። በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። በስልካችሁ ላይ ብቻ ያለውን ሥራ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። ከዚያ በኋላ ገበያውን በእርጋታ ትመርጣላችሁ።

አላህ ሥራችንን ጥቅም ያለውና ለእርሱ ብሎ የተሠራ ያድርግልን። አሚን።